ተርታው ቤትና የአባቴ ቅሬ

ቤቶቹ እንዳይሠሩ ከማንም በላይ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ። ይህን ስናገር የሚያውቁኝ ሰዎች ይስቃሉ፤ ምክንያቱም በኋላ አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩት እዚያው ውስጥ ነው። ይሳቁ። ትናንት ያለውን ዛሬ የሚያጥፍ ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እኔ ቢያንስ አምናለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውሃው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ አባቴ ሁለት ቤት ነበረው። በፊተኛው እሱና እኔ እንኖራለን፤ እናቴ የሞተችው እኔ ገና ሳላገባ ነው። ከጓሮ ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለአንድ አስተማሪ አከራይቶታል። እኔ ወረኢሉ በኩል ተድሬ፣ ሦስት ዓመት ሞክሬው፣ አልሆነልኝም ብዬ ስመለስ አባቴ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። «ፍቺ ሞት አይደለም» አለኝ። «አስተማሪው ሲለቅ የጓሮው ቤት ያንቺ ነው፤ የራስሽን ኑሮ ትኖሪያለሽ።» እኔም አስተማሪው ቶሎ ዝውውር እንዲያገኝ ዱዓ ማድረግ ጀመርኩ።

ዱዓዬ ሳይደርስ አዋጁ ደረሰ። ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ ተባለ። አንድ ጠዋት ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጥተው በጓሮው ቤት በር ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ቆሞ አየው። አስተማሪው ኪራዩን ለቀበሌ መክፈል ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ አባቴን ሲያገኝ እንደ ድሮው ጎንበስ ማለቱን ትቶ አንገቱን ብቻ ነቅነቅ ያደርግ ነበር። የኔም ቤት ላም አለኝ በሰማይ ሆነች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ በአባቴ ቤት ከእህል ጆንያ ጋር አንድ ጓዳ እየተጋራሁ እተኛ ነበር።

ለአባቴ የቀረለት ነገር ቢኖር ቅሬው ነው። ሌላው አገር እድር ይለዋል፤ እኛ ወሎዎች ቅሬ እንላለን። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው፤ ክርስቲያን ሲሞት እስላሙ መቃብር ይቆፍራል፣ እስላም ሲሞት ክርስቲያኑ ድንኳን ይተክላል። አባቴ የሰፈራችን ቅሬ ዳኛ ነበር። ቃሬዛው፣ ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ዶማና አካፋው ሁሉ በኛ ቤት ጎተራ አጠገብ ይቀመጣል። ከሕጎቹ ሁሉ አባቴ የሚኮራበት አንድ ነበር፦ የሞት ጥሪ ስትሰማ ዶማህን አንስተህ ትወጣለህ እንጂ «ማን ሞተ?» ብለህ አትጠይቅም። ጠያቂ የሟቹን ማንነት አይቶ ለመምጣትና ለመቅረት የሚያማርጥ ይመስላልና ነውር ነው። ማን እንደሞተ ስትደርስ ታውቀዋለህ።

የቅሬው ድንኳን የሚተከለው ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው መስክ ላይ ነበር። መስኩ የማንም አልነበረም፤ ስለዚህ የሁላችን ነበር። ሠርግ ሲሆን ዳስ ይጣልበታል፣ ከሐይቁ የሚመለሱ ሰዎች መረባቸውን ያሰጡበታል፣ እኛ ሴቶች በርበሬና እህል እናሰጣበታለን። ዝናብ ካልሆነ በቀር ማታ ማታ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚያሙት እዚያ ነበር። ቀበሌው ለድኻ የሚከራዩ አሥር ክፍል ቤቶች ልሥራ ሲል ዓይኑን የጣለው በዚሁ መስክ ላይ ነው።

ስብሰባ ተጠራን። ሊቀመንበሩ ድሮ አህያ የሚነዳ፣ ስብሰባ ላይ ግን አፉ እንደ ራዲዮ የሚሆን የሰፈራችን ልጅ ነበር። ግራ እጃችንን አንስተን የሚወድመውን ካወደምን በኋላ፣ ጭቁኑ ሕዝብ መጠለያ ማግኘት እንዳለበት አብራራልን። እኔ ተነሣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እነዚህ የሚገቡት ሰዎች እነማን ናቸው? ኸየት ነው የሚመጡት?»

«ቤት የሌላቸው ናቸው።»

«ቤት የሌለው ሁሉ እዚህ ኸመጣ እኛ የት እንቀመጥ? አሥር ቤት ሰው ለአንድ ሽንት ቤት! የቧንቧው ሰልፍ አሁንም ኸመንገዱ ደርሷል። ሴቶች ልጆቻችንስ? ዶሮዎቻችንስ? አረቄ የምትሸጥ አንዷ ገብታ ሰፈሩን ብታጠፋውስ?»

ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ። ዛሬ ሳስበው አፍሬ ሳይሆን ገርሞኝ ነው የማስታውሰው። ዶሮና ሴት ልጅ አንድ ላይ ቆጥሬ ተናገርኩ! ራሴ ቤት ያጣሁ ሴት፣ ቤት ያጡ ሰዎችን እንደ ወረርሽኝ ፈራኋቸው። ሊቀመንበሩ ግን በቀላሉ የሚሸነፍ አልነበረም። «ጓዲት ለድኻ የሚሠራ ቤት ሰፈር ያበላሻል ብትል፣ ይህ አድኃሪ አመለካከት ነው» አለ። በዚያ ዘመን አድኃሪ ከተባሉ በኋላ መናገር አይመከርም፤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ የባሰው ሥራውን እኛው እንድንሠራ መታዘዛችን ነበር። እሑድ እሑድ ጠዋት ወንዶቹ የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተክላሉ፣ ማገር ይመታሉ፤ ሴቶቹ ጭቃ እንረግጣለን። ቀሪ ያለ እንደሆነ የስኳር ካርዱ ይያዛል። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ጭቃ ውስጥ ገባሁ፤ ገባሁ እንጂ በቅንነት አልሠራሁም። የኔ ድርሻ በመካከል ላይ ያለው ክፍል ግድግዳ ነበር። ጭድ ያላገኘ ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ የወሎ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔ ጭዱን በመዳፌ ሳይሆን በጣቶቼ ጫፍ እየበተንኩ ጨረስኩት፤ የቀረውን አንድ ኩንታል የሚያህል ጭድ በማዳበሪያ ሞልቼ ወደ ቤት ወስጄ ለላማችን ሰጠኋት። «ይፍረስባቸው» አልኩ፤ እንዲያውም ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ቤቶቹ አለቁ። አንድ ረጅም ቆርቆሮ ክዳን፣ ከሥሩ አሥር በር። ስም ስላልወጣላቸው «ተርታው» አልናቸው፤ እዚያ የሚገቡትም «የተርታው ሰዎች» ተባሉ። መስኩ አለቀ። በተርታውና በሽንት ቤቱ መካከል የቀረው ቦታ ለአንድ ድንኳን እንኳ በጭንቅ ነው የሚበቃው። አባቴ በስብሰባ አልጮኸም፤ እሱ የመለሰው በቅሬው ነው። ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ሕግ አወጣ፦ ተርታው ላይ የሚኖር ሰው ቅሬ አይገባም።

«ቤቱ የራሱ ያልሆነ ሰው ነገ ይሄዳል» አለ። «እኛ የሱን ሰው ቀብረን፣ እሱ እኛን ሳይቀብር ይሄዳል።»

በወቅቱ ልክ መስሎ ታይቶኝ ነበር። አባቴን እወደው ስለነበር ብቻ አይደለም፤ እኔም እንደሱ ስለተናደድኩ ነው።

ዘጠኙ ክፍሎች ሲያዙ አንዷ ቀረች። የሴቶች ማኅበር ለብቻቸው ለሚኖሩ ሴቶች በዕጣ እንዲሰጥ ጠየቀ። በዚያው ሰሞን ከሠርግ ትንሽ አምሽቼ ስመለስ አባቴ በእንግዶች ፊት «የት ነበርሽ?» አለኝ። እንደ አሥራ አምስት ዓመት ልጅ! በማግሥቱ ሄጄ ስሜን አስመዘገብኩ፤ ለምን እንዳደረግሁት ያወቅሁት ካደረግሁት በኋላ ነው። ዕጣው ለኔ ወጣ፤ ስድስተኛው በር። ቁልፉን ተቀብዬ ከፍቼ ስገባ ከግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ስንጥቅ ተቀበለኝ። ጭዱን የሰሰትኩበት ግድግዳ ነበር። የእጄን አገኘሁ።

ለአባቴ ስነግረው ልብሱን እያጣጠፈ ነበር፤ ማጣጠፉን አላቋረጠም።

«ኸዚህ ቤት ሳለሽ ቅሬዬ ቅሬሽ ነው» አለኝ። «እዚያ ኸገባሽ ወጣሽ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለልጄ ብዬ አልሽረውም።»

«አትሻረው፣ አባዬ» አልኩት። ሁለታችንም ግትር ነን፤ እናቴ ስለዚህ ነገር ብዙ ትናገር ነበር። ምንጣፌን ተሸክሜ ሃምሳ እርምጃ የማይሞላውን መንገድ ተሻገርኩ። ስሻገር ዞሬ አላየሁም፤ እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ እንደነበር ሰው ነገረኝ።

ተርታው ውስጥ ክፍል ከክፍል የሚለየው ግድግዳ ቆርቆሮው ጋ አይደርስም። አንዱ ሲያስነጥስ ሦስተኛው በር «ይማርህ» ይላል። አራተኛው በር ያለችው ሴት አረቄ ትሸጥ ነበር፤ እንደ ፈራሁት። ያልጠበቅሁት ከሷ ቤት የሚወጡት ሰካራሞች የኛኑ ሰፈር ባሎች መሆናቸውን ነው። ከኔ ቀጥሎ ሰባተኛው በር ለመንገድ ሥራ ጠጠር የምትሸከም ሴትና አሮጊት እናቷ ይኖሩ ነበር። ከቆላው በኩል ዝናብ ሲከዳቸው የመጡ ናቸው። አሮጊቷን እማማ እላቸው ነበር።

እማማ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከግድግዳው ማዶ፣ «የኔ ልጅ፣ አማን አደርሽ? በዚያ ስንጥቅ ዓይንሽን አየሁት እኮ!» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ በመጥበሻ ሰባራ ጭቃ አቡክተው መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ወገባቸው የጎበጠ ሴት፣ እየጸለዩ ስንጥቄን መረጉልኝ። ጭቃውን በጣታቸው እየፈተጉ፣ «ምን ያለ ሰው ነው ይሄን የረገጠ? ጭድ አላየም እኮ! እጁን አላህ ይማረው» አሉ። እኔ ውሃ ማቀበሌን ቀጠልኩ። እስከ ዛሬም አልነገርኳቸውም፤ አሁን ከሰሙኝ ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ያለ እሳቸው ሰላምታ አይነጋልኝም ነበር። ሐይቁ ላይ ጉም ሲተኛ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጥጥ ይፈትላሉ፤ የሚያልፈውን ሁሉ ይመርቃሉ። አባቴንም ይመርቁታል። እሱም ቆሞ አሜን ይላል፤ እሳቸው ደጅ ቆሞ አሜን ለማለት የሚከለክል ሕግ አላወጣም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስጨንቃቸው። አንድ ቀን እንዝርታቸውን አቁመው እንዲህ አሉኝ፦

«መሞቱን አልፈራም ልጄ። ያባቴ አገር ብሆን አርባ ሰው ያወጣኝ ነበር። እዚህ ማን ያወጣኛል? ቀበሌ በጋሪ ይወስዳል ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«አያስቡ እማማ» አልኳቸው። እውነት ግን ነበር። ባለፈው ክረምት ከተርታው አንድ ሸማኔ ሲሞት የከሰል መጫኛ ጋሪ ላይ ነው የወጣው። አራት ሰው ብቻ ተከትሎት ሲሄድ እኔ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ።

በዚያው ሳምንት አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ራሴ አንዲት ቃል አላነሣሁም፤ ስለ እማማ ብቻ ለመንኩት። አዳመጠኝ። ወተት አስቀድቶ አጠጣኝ፤ መንገድ ላይ እንዳገኘ ዘመድ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። መልሱ ግን ያው ነበር፦ ለአንዷ ከተከፈተ ለአሥሩም ይከፈታል። ጨው የሞላበትን ወተት እንደጠጣሁ ተሰምቶኝ ወጣሁ።

በቀጣዩ ጥቅምት አባቴን ብርድ መታው። አሥር ቀን ተኛ። ሰፈሩ ሁሉ እየተመላለሰ ጠየቀው፤ እኔም ጠዋትና ማታ ሾርባ እወስድለታለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገሩ እንደነበር አስተውያለሁ። እሱ ግን በአሥረኛው ቀን ትኩሳቱ ለቆት ምግብ መፈለግ ጀምሮ ነበር፤ ያን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በማግሥቱ ሱብሂ ተሰግዶ ብርሃን ሲሆን ከግድግዳው ማዶ የጠበቅሁት ሰላምታ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ የጎረቤቴ ድምፅ «እማ! እማ!» ሲል ሰማሁ። ገባሁ። እማማ በእንቅልፋቸው ሄደዋል፤ ፊታቸው እንደሚፈትሉ ሰው ሰላም ነበር። ልጃቸው የጠጠር አቧራ ያለበትን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨምራ ነው የምታለቅሰው፤ የተርታው ሰው ኡኡ ማለት መብት ያለው አይመስለውም ነበር። «ጋሪ ልጥራ?» አለችኝ። ጋሪ! እኔ ያን ቃል ስሰማ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ነጠላዬን ሳልከናነብ፣ ባዶ እግሬን፣ እንባዬ እየወረደ ወደ አባቴ ቤት ሮጥኩ። በሩን እየደበደብኩ «አባዬ! አባዬ! ወይኔ!» እያልኩ ጮህኩ።

የቅሬው ጠሪ በዚያች ሰዓት ከመስጊድ ሲመለስ በመንገዱ ላይ ነበር። የታመመው ዳኛ ልጅ፣ ራሷን ገልጣ፣ በአባቷ በር ላይ አባዬ እያለች ስታለቅስ አየ። ጠሪያችን ሕግ አክባሪ ሰው ነው፤ ሕጉ ደግሞ አትጠይቅ ይላል። አልጠየቀም። ዞሮ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰፈሩን ጠራ።

እኔና አባቴ ይህን አላወቅንም። በሩን ከፍቶልኝ ገባሁና መጨቃጨቅ ጀመርን።

«ቃሬዛውን ስጠኝ!»

«ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«አንተም ትጠይቃለህ? ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው ስትል አልኖርክም? እማማ ሞቱ! ኸሰባተኛው በር። ቃሬዛውን ስጠኝ፣ እኔና ልጃቸው እናወጣቸዋለን!»

«ሴት ልጅ ቃሬዛ ትሸከም?»

«ወንዶቹን የከለከልክ አንተ ነህ!»

እንዲህ እየተባባልን ብዙ ቆየን። በዚያች ቤት ውስጥ እንደዚያን ለት ጮክ ብለን ተነጋግረን አናውቅም። ውጭ የነበሩት ሰዎች ጩኸታችንን ለቅሶ ነው ብለው እንደተቀበሉት በኋላ ነገሩን። በመጨረሻ አባቴ ጋቢውን ጣል አድርጎ በሩን ከፈተ።

ግቢው ሙሉ ሰው ነበር። ዶማ የያዘ፣ አካፋ የያዘ፣ ድንኳን የተሸከመ። የጊዮርጊስ ማኅበርተኞች ከአጥሩ ጋር ቆመዋል። አስተማሪው እንኳ ነጭ ለብሶ መጥቷል። አባቴን በር ላይ ሲያዩ አንድ ሰው «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ብሎ አካፋውን ጣለ። ጠሪው ቁልቁል ሮጠ፤ ወዲያው ደግሞ አፍሮ ተመለሰ።

አባቴ ቀስ ብሎ ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ። «እኔን ነው?» አለ።

«አዎ፣ ዳኛችን» አለ ጠሪው፤ «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

አባቴ ደግሞ ተመለከተ። እምላለሁ፣ የቀረውን ሰው እየቆጠረ ነበር። ሁለት የታወቁ ነጋዴዎች አልመጡም፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ከነሱ ሱቅ አልገዛም። ሰው ሳቅ ጀማመረ፤ ሳቅና ልቅሶ የተቀላቀለበት፣ አንዱ ሌላውን የሚያቅፍበት ሳቅ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ እማማ ትዝ አሉኝና አፈርኩ።

በዚህ መሐል ከመቃብር አንድ ጎረምሳ ላቡን እየጠረገ መጥቶ፣ «ወገብ ደርሷል፤ ድንጋይ አላስቸገረንም...» ሲል አባቴን አየና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

«የት ላይ ነው የቆፈራችሁት?» አለ አባቴ።

«ኸእትዬ ጎን ነዋ።»

እናቴ ጎን ያለችው ቦታ የአባቴ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሃያ ዓመት በድንጋይ ከልሎ የጠበቃት ናት። ሁሉም ደግሞ ሌላም ነገር ያውቃል፦ የተከፈተ መቃብር ባዶውን አይተውም፤ ሳይቀበርበት የተደፈነ እንደሆነ ከዚያው ቤት ሰው ይጠራል ይባላል። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «መላ አለው። ጠቦት ይታረድበትና ይደፈን፤ ደሙ ኸፈሰሰ ይበቃል» አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔ የአባቴን ፊት አየሁ። ቦታዋን መልሶ ለመያዝ አንድ ጠቦት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ በግርግም አምስት ነበሩን።

አባቴ ወደ መስኩ፣ ማለት መስክ ወደ ነበረው፣ በእጁ አመለከተ።

«እዚያ ተርታው ላይ አንዲት የአላህ ባሪያ ተጋድማለች» አለ። «መቃብሩ ተከፍቷል፣ ሰዉ ተሰብስቧል፣ ቃሬዛው ይኸው። እሷ እያለች እኛ ጠቦት እንረድ? ጨርሳችሁ ቆፍሩት። ድንኳኑን ወደዚያ ውሰዱ።»

አንድ ሰው «ሕጉስ?» ሲል ሰምቻለሁ። አባቴ አልመለሰለትም፤ ቃሬዛውን ራሱ በአንድ ወገን አንሥቶ፣ ከአሥር ቀን ሕመም በኋላ፣ መንገዱን ተሻገረ። ወደ ተርታው ሲገባ የመጀመሪያው ቀኑ ነበር። ጎረቤቴ ከበሩ ብቅ ስትል ያን ሁሉ ሰው አየች፤ ጋሪ የጠበቀች ሴት። ነጠላዋን ከአፏ አወጣችና እንደ ሰው ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። የሰፈሩ ሴቶች፣ በስብሰባው ያጨበጨቡልኝ እነዚያው፣ ከበቧት።

እኛ ሴቶች ቀብር አንሄድምና የሆነውን የሰማሁት ከወንዶቹ ነው። ጉድጓዱ ለአባቴ ቁመት የተለካ ስለነበር ለእማማ ሰፋቸው አሉኝ። ሦስት ክንድ በአራት ክንድ ክፍል ውስጥ ከልጃቸው ጋር ሲተጣጠፉ ኖረው በመጨረሻ እንደ ልባቸው ተዘረጉ። አባቴ ዓመታት ቆይቶ ጊዜው ሲደርስ ያረፈው ከእሳቸው ወዲያ ነው። እናቴና አባቴ መካከል እማማ አሉ። ቅር ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አይለኝም። እናቴ ድሮም ጎረቤት ትወድ ነበር።

ሦስት ቀን ድንኳኑ በተርታውና በሽንት ቤቱ መካከል ተጨናንቆ ቆመ። አባቴ ሦስቱንም ቀን መጥቶ ተቀመጠ። ንፍሮ እየቆረጠመ ከአረቄ ሻጯ ጋር ሲጫወት፣ ከእያንዳንዱ በር የሚወጣውን ሰው «አንተ የማን ልጅ ነህ? አያትህስ?» ሲል አየዋለሁ። ሽማግሌ ወሬ ይወዳል ብዬ አለፍኩት።

በሚቀጥለው ጁምዓ ከሰላት በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። የተርታው ሰዎች እንድንመጣ ተነገረንና መጥተን ከዳር ቆምን። ያ ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። አንድ ሰው ተነሥቶ፣ የሟቿ ጉዳይ የግድ ነበር፤ ሕጉ ግን እንዳለ ነው ወይ፣ ተርታው ይገባል ወይስ አይገባም፣ ብሎ ጠየቀ። አግባብ ያለው ጥያቄ ነበር፤ በትሕትናም ነው የጠየቀው።

«ያን ሕግ ያወጣውን ዳኛ» አለ አባቴ፣ «ባለፈው ሳምንት መቃብር ቆፍራችሁለት የለም? እሱ ተቀብሯል። ሕጉን ለሱ ተዉለት።»

ሰዉ እስኪስቅ አልጠበቀም። በስብሰባው መጨረሻ እንደ ልማዱ የየቤቱ አባወራ በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል፤ የተጠራው አለሁ ይላል። አባቴ ማንበብ አያውቅም፣ ሁሉንም በቃሉ ነው የሚጠራው። የድሮዎቹን ጨረሰ። ዝም ይላል ስንል ቀጠለና የተርታውን አንደኛ በር ጠራ፤ ስሙን፣ ያባቱን ስም። ሰውየው ደንግጦ አለሁ አለ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አረቄ ሻጯን ከነአባቷ ስም፣ አምስተኛውን። ሦስቱን ቀን ሲያጠና እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ልጄ እንደሚለኝ ጠበቅሁ፤ ወይም እንደማንኛዋም ቀን በቁልምጫ እንደሚጠራኝ። አላደረገውም። «ወይዘሮ» አለ፣ ሙሉ ስሜን ጠራ፤ ከስሜ አስከትሎ ደግሞ የራሱን ስም ጠራ፣ እንደማያውቀው ሰው ስም፣ ሳያጓድል። በሕይወቴ አባቴ የራሱን ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ድምፁ እዚያ ላይ ትንሽ ተሰበረበት።

አለሁ ማለት አቃተኝ። ሰው ዞሮ አየኝ። አባቴ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ እንዳልመጣ ሰው ደግሞ ጠራኝ።

«አለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰባተኛ በር» አለ፣ የጎረቤቴን ስም ለመጥራት።